ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ዶሮዎችሽ ትል

ሚሚዬ፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ኩሱ ላይ የተጋደመው ነጭ፣ ፓስታ የሚመስለው ነገር ትል ነው፣ አልተሳሳትሽም። ግን "ሸጬ ልገላገል" ያልሽውን ተይው። 12 ዶሮ በ45 ቀናቸው አምጥተሽ፣ ክረምትና በጋ ተንከራተሽ ለእንቁላል አድርሰሽ፣ አሁን በትል ምክንያት አይሸጡም። ደግሞስ ለማን? ከአንቺ የገዛ ሰው ትሉንም ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

በስልክ ስለማይበቃኝ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ይሄ ረጅሙ ነጭ ትል አስካሪዲያ ይባላል። ግቢ ውስጥ በሚጭሩ ዶሮዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሴቷ እስከ 12 ሳንቲሜትር ትደርሳለች። ዶሮዋ የበላችውን ይሻማታል። መኖ እየጨመርሽ የሚከሱብሽ ለዚህ ነው። ደረቷን ዳስሺ ስልሽ "አጥንቱ እንደ ቢላ ሆኗል" ያልሽኝ ያቺ ቀይዋ፣ አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ገርጥቶ ክንፏን የጣለችው፣ ብዙ ትል ተሸክማ ይሆናል። ትልልቆቹ ይቋቋሙታል። ጫጩትና ቄብ ላይ ሲበዛ ግን አንጀት ደፍኖ ይገድላል።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። መድኃኒት የሚያወጣው ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ነው። መሬቱ ላይ የወደቀውን የትል እንቁላል አይነካውም። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ይወርዳል፣ እርጥብና ሞቅ ያለ ቦታ ካገኘ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይበስላል፣ ዶሮዋ ስትጭር ትለቅመዋለች፣ ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትሉ አድጎ እሱም በተራው እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። በረኪና ብትደፊበትም ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ይችለዋል። የሚፈራው ፀሐይና ድርቀት ነው።

ለዚህ ነው ከትሉ ይልቅ የፎቶው ጥግ ላይ ያየሁት ያስደነገጠኝ። የውሃ ዕቃው ዙሪያ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ ኩስ አለ፣ እዚያው ላይ ስንዴ በትነሽላቸዋል። በዚህ በሐምሌ ዝናብ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜ መድኃኒት ብትሰጪ ዋጋ የለውም። ዛሬውኑ የውሃውን ዕቃ ሁለት ብሎኬት ላይ አውጪው፣ ከጀርባቸው ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፣ ስሩ ጠጠር አድርጊ። እህል መሬት ላይ መበተን ይቅር፣ በመመገቢያ ስጫቸው። ቆጡ ስር ያለውን ኩስ በየጠዋቱ ጥረጊና ራቅ አድርገሽ ከምረሽ ሸፍኚው፣ ክምሩ መሃሉ ሲግል የትሉን እንቁላል ይገድለዋል፣ ለጎመንሽም ማዳበሪያ ይሆንሻል። ሰጋቱራው ሲረጥብ አትጠብቂ፣ ቀይሪው። ግቢው ከበቃሽ በሽቦ ለሁለት ክፈይውና አንዱን ወገን አሳርፊ። አዳዲሶቹን ቄቦች ደግሞ ከአሮጌዎቹ ጋር አትቀላቅያቸው። አሮጌዎቹ ምንም ሳይመስሉ ትሉን ያስተላልፋሉ።

ስለ መድኃኒቱ የራሴን ልንገርሽ። አንቺ ዩኒቨርሲቲ በነበርሽበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዶሮዎቼ ከሱብኝ። ከአንድ ሱቅ ዱቄት ገዛሁና በውሃ በጥብጬ ሰጠሁ። ምንም። ደግሜ ሰጠሁ። ምንም። አራት ዶሮ ሞተብኝ። አንዷን ከፍተን ስናይ ትሉ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጥብጣብ የተቆራረጠ ነበር። ኩሳቸው ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ሳይ የሰነበትኩት ለካ የእሱ ቁራጭ ነው። የሰጠሁት ፓይፐራዚን ነበር። ፓይፐራዚን እንደ አስካሪዲያ ላለው ክብ ትል እንጂ ለጥብጣቡ አይሠራም። የጥብጣቡ ትል ደግሞ በጉንዳን፣ በጢንዚዛና በዝንብ በኩል ነው የሚመጣው፣ ዶሮዋ እነሱን ስትለቅም። ያኔ ኩሱን አስመርምሬ ቢሆን ኖሮ አራቱም ይተርፉልኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሳታስመረምሪ አትግዢ። ፓይፐራዚን፣ ሌቫሚሶል፣ አልቤንዳዞል የሚባሉትን ትሰሚያለሽ፣ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ሐኪሙ ይንገርሽ። የበግ ክኒን በዓይን ገምቶ እየሰበሩ መስጠትም አለ፣ እሱን አደራ እንዳትሞክሪው። መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው። ሦስት አራቱን ዘንቢል ውስጥ አድርገሽ መዝኚና ክብደታቸውን ለሐኪሙ ንገሪ። ያነሰ መጠን ትሉን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክያቸው፣ ከዚያ የተበጠበጠውን ብቻ አቅርቢ። ቀጣዮቹን ሁለት ሦስት ቀናት ኩሱን አጥብቀሽ ጥረጊ፣ ትሉ እንቁላሉን ይዞ ነው የሚወጣው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይተሽ ትደግሚዋለሽ፣ ገና ያላደገው ትል ከመጀመሪያው ሊያመልጥ ስለሚችል።

እንቁላሉ ይበላል ወይ ላልሽኝ፣ የዶሮ ትል ሰው ሆድ ውስጥ አያድግም፣ በእሱ አትጨነቂ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ላይ ነው። አንዳንዱ ለእንቁላል ጣይ ጭራሽ አይፈቀድም፣ አንዳንዱ ይህን ያህል ቀን እንቁላሉ አይበላም ይላል። ሐኪሙን ጠይቂ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። በእነዚያ ቀናት የተጣለውን አትሽጪ፣ ለጎረቤትም አትስጪ። ደግነቱ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ ሁለተኛው ዙር እዚያ ውስጥ ይወድቅልሻል፣ እኛም አንበላ፣ ደንበኞችሽም አይፈልጉ። እኔ የሁልጊዜውን የትል መድኃኒት በዐቢይ ጾም ነው የምሰጠው። 55 ቀን ነው፣ እንቁላል ብዙም አይሸጥም፣ ክረምቱም ገና ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ስጪ ያለችሽ ጎረቤትሽ ክፋት የላትም፣ ግን ሆድ የሞላን ትል ነጭ ሽንኩርት አያወጣውም። አመዱን ግን ተይላቸው፣ ይንከባለሉበት፣ እሱ ለቅማል ነው። ጎመንና ካሮት ጨምሪላቸው፣ በደንብ የበላች ዶሮ ትልን ትቋቋማለች።

አንድ ነገር፦ ኩሱ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ድንገት በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ከሞቱ ትል ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ። ደሙ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ድንገተኛው ሞት ደግሞ ፈንግል። ያኔ ወዲያው ደውዪ።

ቅዳሜ ስትመጪ የዚያኑ ቀን ጠዋት የጣሉትን ኩስ ከአምስት ስድስት ቦታ በማንኪያ አንሺ፣ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ቋጥሪው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ አያግኘው። እዚህ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋ አብረን እንሄዳለን። በጨው ውሃ በጥብጠው የትሉ እንቁላል ሲንሳፈፍ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ቀይዋን ለብቻዋ ለያት፣ ልጁም ኩስ ነክቶ እጁን ሳይታጠብ እንዳይበላ። ከጣፎ በጠዋት ተነሺ፣ ቁርስ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ