ግፊት ይለካል፣ ጭንቀትስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሁለተኛዬን አርግዣለሁ፤ ሰባት ወር አልፎኛል። ክትትሌ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ ነው። ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ ሲስተሮቹም በዚያ ሁሉ ሰልፍ መሀል ፊታቸውን አያጠቁሩም። ግን የጎደለ ነገር አለ።

ጠዋት ካርድ ይወጣል፣ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠበቃል። ከዚያ ኪሎ፣ ግፊት፣ ሽንት፣ ደም። አልጋ ላይ ጋደም እላለሁ፣ የሕፃኑ የልብ ምት ይደመጣል። ደም ማነስ እንዳይመጣ አይረን ይሰጠኛል። “ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳትወስጂው” ትለኛለች ሲስተር፤ ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉና። (ቡና በማይቋረጥበት ቤት ይህን ምክር መጠበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ።) ሁሉም ካርዴ ላይ ይሰፍራል። “እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?” የሚል ጥያቄ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ቤትም ያው ነው። ነፍሰ ጡር ከከፋት “አታልቅሺ፣ ልጁን ታስከፊዋለሽ” ትባላለች። ከተነጫነጨች “የእርግዝና ጠባይ ነው”። ማሕፀኗ ተባርኮ ምን ጎደላት? በዚያ ላይ ሆዷ እስኪገፋ ማርገዟን አታወራም፤ የሰው ዓይን ይፈራል። የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ማቅለሽለሹም ፍርሃቱም የሚብስበት ጊዜ፣ በዝምታ ያልፋሉ። ክትትል የሚዘገየውም አንዱ በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ደግሞ ክትትሉ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሆን ነው የሚለው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስድስት ወሯ ላይ ምሳ መብላት አቆመች። ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ሁሉም “ምግብ አስጠልቷት ነው” አለ። ከወለደች በኋላ ነው የነገረችኝ። ለካ ሌሊት ሌሊት ልቧ እየመታ፣ “ልሞት ነው” እያለች፣ ባሏን ላለመቀስቀስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቁጭ ትል ነበር።

የእሷ ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በታዳጊ አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 15.6 በመቶ፣ ከወለዱት ደግሞ 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይ ድባቴ፣ ያጋጥማቸዋል። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰባት ሆነን ስንቀመጥ አንዳችን ማለት ነው።

ለመጠየቅ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል አለ። 10 አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው፤ ያለፉትን 7 ቀናት ስሜት ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ነው። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በእናቶች ላይ ተሞክሯል። ተራ እየጠበቅን መሙላት እንችላለን። ማንበብ ለማትችል ሲስተር ታንብብላት፣ ግን ባልም አማትም በሌሉበት። ጭንቀቱ አንዳንዴ ከእነሱ ነው የሚመጣው።

አሠሪዎችንም አንድ ነገር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል፤ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ነው የሚጠበቅባት። የማውቃቸው ሴቶች ግን ወይ ከዓመት ፈቃዳቸው ይቆረጥባቸዋል፣ ወይ አለቃ ፊት ቆመው ይለምናሉ። ሚስቱ ስትወልድ ለአባት የተሰጠው የ3 ቀን ፈቃድ ነገርማ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ለጤና ቢሮው ያለኝ ጥያቄ፦ መጠይቁ ከክትትል ካርዱ ጋር ይያያዝ። ውጤቷ ከፍ ያለ እናት የት እንደምትላክም አብሮ ይወሰን። ባለሙያ በሌለበት ጠይቆ “አይዞሽ፣ ያልፋል” ብሎ መሸኘት ከሆነማ ባይጠየቅ ይሻላል።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከሳሪስ፣ አዲስ አበባ