ለወረዳችን የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ቦረቦሩ ወሰናችን አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ሰላምታውን በማመልከቻዎቻችን ላይ ደጋግመን ስላቀረብን ዛሬ ይቅርብን። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፣ ቁጥር ወጥቶለታል፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ የሚነግረን ጠፋ። ባለሙያው መስክ ነው ይሉናል። ባለሙያው ሲመለስ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስብሰባ ላይም ቢሆን ስልክዎን ማየትዎ አይቀርም ብዬ ነው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ የጻፍኩት።

ጉዳዩን ያውቁታል። ለማያውቀው ስል ልድገመው።

እናቴ አረንጓዴ ደብተር፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ማለቴ ነው፣ አላት። በ1997 ዓ.ም. የተሰጣት፣ የእሷና የሟች አባቴ ፎቶ ጎን ለጎን ያለበት። ሁለት ማሳ፣ በድምሩ አራት ጥማድ ይላል። የትልቁ ማሳ አዋሳኞች በአራቱም አቅጣጫ ተጽፈዋል፣ መንገዱም ጎረቤቶቹም በስም። ቦረቦር የሚል ነገር አንድ ቦታ የለም። ከየት ይመጣል? ያኔ ቦረቦሩ አልነበረማ! ጎርፉ ማሳውን መሃል ለመሃል የሰነጠቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃው፣ ማለትም ካርታ ላለው አዲሱ ደብተር ልኬታ ሲመጣ ባለሙያዎቻችሁ የአየር ፎቶ ይዘው መጡ። ፎቶው ላይ ቦረቦሩ ጎላ ብሎ ይታያል። ለቢሮ ሰው ምን የመሰለ ወሰን ነው! እዚያው ላይ አሰመሩና ማዶ የቀረው አንድ ጥማድ የሚጠጋ መሬት «የወል ግጦሽ» ተባለ። የእናቴ ጤፍ በላዩ ላይ ቆሞ።

አሠራሩን እኔ ለእርስዎ አላስተምርም። ልኬታ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት፣ ወሰኑን በእግር እየዞሩ እንደሚሠራ ከኔ በላይ ያውቃሉ። የኛን ወሰን የዞረ ሰው የለም። ደጃችን ላይ ቆመው ለእናቴ ፎቶውን አሳዩዋትና «ማሳሽ ይቺ ናት አይደል?» ብለው ሄዱ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አንብባ ትከራከር ኖሯል? አሁን ደግሞ «ካርታው ቀበሌ ተለጥፎ ነበር፣ ያኔ ለምን ቅሬታ አላቀረባችሁም?» እንባላለን። ማሳዋን በመለያ ቁጥር አታውቀውም፣ በእግሯ ነው የምታውቀው።

ለምን እንዲህ እንዳመረርን ላስረዳዎት። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ስለሆኑ አዲስ አይሆንብዎትም። ጎጃም ውስጥ ርስት የሚቆጠረው ከአቅኚው አባት ነበር። ጫካውን መንጥሮ ያቀናው ሰው ስሙ ይታወቃል፣ ልጅ ከእሱ ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። በደቡብ እንደሆነው ቀላድ፣ የመለኪያ ገመዱ፣ ተጥሎ ጋሻ በሚባለው የድሮ የመሬት ልክ የተሸነሸነ አልነበረም። ስለዚህ ገበሬው ልኬታ ሲባል የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ርስትህ ሊሄድ ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም መሬታችን ሊለካ ነው ተባለና ከሞጣ እስከ ደጋ ዳሞት አገሩ ተነሣ። አያቴም ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተባቸው። በኋላ ግን ውዝፉ ግብር ተሰረዘ፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ተነሡ።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስት የሚባለው ነገር አከተመ፣ መሬት የሕዝብ ሆነ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ፣ መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ ደግሞ አባቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ፀሐፊ ስለነበረ ብቻ «ቢሮክራት» ተባለ። ለቢሮክራት የተፈቀደው ከአንድ ሄክታር አይበልጥም፣ ያው አራት ጥማድ ነው። ሌላው ተወሰደ። አባቴ ያንንም ዋጠው። ደብተሩ የመጣ ቀን ግን ደስ ብሎት ነበር፣ ከእንግዲህ የሚነካን የለም ብሎ።

አያቴ መሬቱ እንዳይለካ ሸፈተ። እኛ ደግሞ ይለካልን ብለን ደጅ እየጠናን ነው። መሥሪያ ቤትዎ ይህንን እንደ ድል ሊቆጥረው ሲገባ በጥበቃ ያስመልሰናል።

አንድ ቀን ከቢሮዎ ያገኘነው ብቸኛ መልስ «ቦረቦር የተፈጥሮ ወሰን ነው» የሚል ነው፣ እሱም በቃል። እሺ፣ ቦረቦሩ በየክረምቱ ይሰፋል። ዘንድሮም ሰፍቷል። በእናንተ ስሌት ጎርፉ የወረዳው ቀያሽ ሆኗል ማለት ነው። ደመወዝ ትከፍሉታላችሁ?

የሚያስቸኩለን ነገር ደግሞ አለ። ያ «የወል» የተባለው ቁራሽ ለተደራጁ ወጣቶች ሊሰጥ ነው እየተባለ ነው። ከወጣቶቹ ጋር ጠብ የለንም፣ የጎረቤት ልጆች ናቸው። መሬቱ በእጃቸው ከገባ በኋላ ግን ክርክሩ ከእናንተ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከእነሱ ጋር ይሆናል። ይህ በጎጃም ገጠር ምን እንደሚያመጣ ለእርስዎ መንገር የለብኝም።

በ1997 ማሳውን በገመድ ከለኩት የቀበሌው ኮሚቴ አባላት ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ። አረንጓዴው ደብተር አለ። አዋሳኞቹም የእኛ ወሰን ከቦረቦሩ ማዶ እንደሆነ ይመሰክራሉ። አንድ ባለሙያ ላኩና ከእነሱ ጋር ወሰኑን ይዙር። እስከዚያ መሬቱ ለማንም እንዳይሰጥ ለቀበሌው እግድ ይጻፉ። እምቢ ካሉም እምቢታዎን በወረቀት፣ ማኅተም አድርገው ይስጡን። ይግባኝ የምንለው በእሱ ነው፣ በቃል የተነገረንን ማንም አይቀበለንም።