መስመሩ ተዘርግቷል፤ ውሉስ ምን ይላል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ መንግሥትና የግል ዘርፍ ሽርክና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። በማደግ ላይ ያለ አገር ኢንተርኔትን ለሕዝቡ ለማዳረስ ገንዘብም እውቀትም ያለውን ባለሀብት ማሳተፍ ግድ ይለዋል የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ነው። መንግሥት ብቻውን ሲሞክረው ሥራው እንደሚጓተት፣ ለገበያ ብቻ ሲተው ደግሞ ገጠሩ እንደሚረሳ ብዙ አገሮች በራሳቸው አይተውታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጸሐፊውን ልሟገታቸው ፈልጌ አይደለም። ጽሑፋቸው አንድ ትልቅ ነገር ሳይነካ ስላለፈ ነው፤ እሱም ውሉ ነው።

ለብዙ ዓመታት የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። በአንድ ወቅት መንግሥትና አንድ ኩባንያ ከከተማ ርቀው የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን ከኢንተርኔት ጋር ለማገናኘት በተዋዋሉበት ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ኩባንያው ገንዘቡን የሚቀበለው መሣሪያው ተተክሎ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ የርክክብ ሰነዱ ሲፈረም ነው። ስለዚህ ተከላው በሚያስደንቅ ፍጥነት ተጠናቀቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እነዚያው ትምህርት ቤቶች ስመለስ፣ በአብዛኞቹ የፀሐይ ኃይል የሚያጠራቅመው ባትሪ ሞቶ አገኘሁት። ባትሪ ማርጀቱ አይቀርም፤ አዲሱን የሚገዛው ማን እንደሆነ ግን በውሉ ውስጥ አንድም መስመር አልተጻፈም። ኩባንያው ግዴታዬን ፈጽሜያለሁ አለ፤ እውነቱን ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በጀት አልተያዘልኝም አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። ከርእሰ መምህራኑ አንዷ ኮምፒውተሮቹን በጨርቅ ሸፍነው፣ በየሳምንቱ አቧራውን እያራገፉ ጠብቀዋቸው ነበር። መኪናችን ስትገባ ሲያዩ ባትሪ ይዘን የመጣን መስሏቸው ተማሪዎቹን ጠሩ። እኛ የመጣነው ቅጽ ልናስሞላ ነበር።

ጉዳዩ የጥቂት ባትሪዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ። ያው ጉድለት በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር በፈሰሰባቸው ሥራዎች ላይም ታይቷል። ፔሩን እንመልከት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 አዝቴካ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ የፋይበር ኦፕቲክ መስመር አስዘረጋ። የአንዲስን ተራሮች ተሻግሮ የአብዛኞቹን ክፍለ አገሮች ዋና ከተሞች ያያያዘ፣ በምህንድስናው ማንንም የሚያኮራ ሥራ ነው። ውሉ ታዲያ ለኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች የሚሸጥበትን፣ በሰከንድ ለአንድ ሜጋቢት ፍጥነት በወር 23 ዶላር የሚል አንድ ወጥ የጅምላ ዋጋ አስቀምጦ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው፤ በተራራው ላይ የሚኖረው ከዋና ከተማው ነዋሪ በላይ እንዳይከፍል ነው። ነገር ግን የኢንተርኔት የጅምላ ዋጋ በየዓመቱ የሚወርድ ነው። የግል ኩባንያዎች በራሳቸው መስመር ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ መሸጥ ሲጀምሩ፣ የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰበት መስመር ዋጋውን ዝቅ እንዳያደርግ የገዛ ውሉ እጁን አሰረው። ደንበኛው ሸሸ። መስመሩ ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ እየተሸከመ ቆየ፤ መንግሥት ደግሞ ለኩባንያው ዋስትና የገባለትን ገቢ ከካዝናው ማሟላት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ውሉን አቋረጠው። መስመሩ አልተበጠሰም፣ ሠራተኞቹ አልሰነፉም፣ መሣሪያው አላረጀም። ዋጋ ሲለወጥ ውሉም እንዲለወጥ የሚያስችል አንቀጽ በጊዜው ስላልገባበት ነው ያ ሁሉ ድካም ፍሬ ያጣው።

ሩዋንዳ ደግሞ በሌላ በኩል ተፈተነች። እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥቷ ከደቡብ ኮሪያው የቴሌኮም ኩባንያ ኬቲ ጋር የጋራ ኩባንያ መሥርቶ፣ ከ3ጂ የፈጠነውን የ4ጂ የሞባይል ኢንተርኔት ኔትወርክ የመገንባትና ለቴሌኮም ድርጅቶች በጅምላ የመሸጥ መብትን ለዚያ ኩባንያ ብቻ ሰጠ። መብቱ የ25 ዓመት ነበር። ኔትወርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 95 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ሸፈነ፤ ይህ በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚያሰልፍ ውጤት ነው። የሚያሳዝነው፣ ሽፋኑ እንዲህ ሰፍቶ ተጠቃሚው በአብዛኛው በ3ጂ ላይ መቅረቱ ነው። የሞባይል ድርጅቶቹ ከአንድ ሻጭ በውድ ገዝተው መልሰው ከመሸጥ ይልቅ የራሳቸውን 3ጂ መግፋት አዋጣቸው። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ፖሊሲውን ቀየረ፤ በ2023 ሌሎችም 4ጂ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ስሕተትን በአደባባይ ማረም ቀላል ስላልሆነ ሩዋንዳን አከብራታለሁ። ቢሆንም አሥር ዓመት ገደማ አልፏል፤ በዚያ አሥር ዓመት ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ልጅ ጊዜውን የሚመልስለት የለም።

ሜክሲኮም ለአልታን ኩባንያ ሰፊ የሬዲዮ ሞገድ ሰጥታ፣ ከሕዝቡ 92 በመቶውን የሚሸፍን የጋራ ኔትወርክ እንዲገነባ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዋዋለች። ኩባንያው በ2021 ዕዳውን መክፈል አቅቶት የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ፤ በዓመቱ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ይዞ አዳነው። የግል ባለሀብቱ የሚሸከመው ሥጋት በስተመጨረሻ ወደ ሕዝብ ትከሻ ዞረ ማለት ነው።

ሦስቱን ያነሣሁት ሽርክናን ለማጥላላት አይደለም። ሦስቱም ውሎች ትኩረታቸው ስለሚተከለው ነገር ነበር፤ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ማማ፣ ስንት በመቶ ሽፋን። በመስመሩ ጫፍ ያለችው ገበሬ ወይም ነርስ አገልግሎቱን ገዝታ ትጠቀምበት እንደሆነ የሚጠይቀው ክፍል ደካማ ነበር። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ሰዎች ገና ኢንተርኔት አይጠቀሙም ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሞባይል ኢንተርኔት ሞገድ በሚደርስበት ቦታ የሚኖሩ ነበሩ። ሞገዱ ከራሳቸው በላይ ያልፋል። ያገዳቸው የስልኩ ዋጋ፣ የዳታው ዋጋ፣ ያለመማር፣ በሚናገሩት ቋንቋ የሚጠቅማቸው ነገር ማጣት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን የመሠረታዊው የኢንተርኔት አገልግሎት ዋጋ ከነፍስ ወከፍ ወርኃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች መሆን አለበት ብሎ ግብ ካስቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ቁጥር በሽርክና ውል ውስጥ አስገዳጅ ግዴታ ሆኖ ሲገባ ማየት እፈልጋለሁ። በዕቅድ ሰነድ መግቢያ ላይ በምኞት መልክ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጣት ወደ ኩባንያዎች ብቻ መጠቆምም ተገቢ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 በገጠር 100,000 የአገልግሎት ማዕከላትን በግል ሥራ ፈጣሪዎች ለማስከፈት ፕሮግራም አጸደቀች። አንድ የመንደር ወጣት ኮምፒውተርና ማተሚያ ገዝቶ ማዕከሉን ይከፍታል፤ የመሬት ሰነድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመብራት ክፍያ እየፈጸመ ከሚያገኘው ኮሚሽን ይኖራል። ሐሳቡን ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን በብዙ ቦታዎች ወጣቱ ማዕከሉን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን ገና ከወረቀት አላወጡትም ነበር። የሚሸጠው አልነበረውም። ያጠራቀመውን ገንዘብ ያወጣው እሱ ነው፣ ቀኑን ያላከበረው ደግሞ መንግሥት ነው። ውል ኩባንያው ሲዘገይ ቅጣት የሚያስቀምጠውን ያህል፣ መሥሪያ ቤት ሲዘገይም ተጎጂውን የሚክስበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ አድጎ መስፋቱ እውነት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ብዙ ወጣቶች ግን ያንን ለማየት አልቆዩም።

የተሳካውም አለ። ኬንያ ከሳተላይት ጥገኝነት ለመውጣት የባሕር ሥር ገመድ ስትፈልግ፣ የብዙ አገሮች የጋራ የነበረው ኢሲ የተባለው ገመድ ድርድሩ ተጓተተ። መንግሥቷ ሁለት ባላ መትከልን መረጠ፤ ከሞምባሳ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እስከምትገኘው ፉጃይራ የሚደርሰውን ቲምስ የተባለውን ገመድ ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር በአክሲዮን አስዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። እኔን የሚስበኝ የባለቤትነቱ አደረጃጀት ነው፤ ባለ አክሲዮኖቹ በገበያ ላይ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ድርጅቶች ስለነበሩ ገመዱ የአንዳቸው መቆለፊያ ሊሆን አልቻለም። በዚያው ዓመት ሲኮም የተባለው ሌላ ገመድ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኢሲ ራሱ ደረሱ፤ የጅምላ ዋጋውም በፍጥነት ወረደ። ቺሊም ከዚያ ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለገጠር ስልክ የሚሰጠውን ድጎማ በጨረታ አቀረበችው። አነስተኛ ድጎማ የጠየቀ ያሸንፋል። አንዳንድ ኩባንያዎች አንዲት ሳንቲም ሳይጠይቁ ወሰዱት፤ መንግሥት አያዋጣም ብሎ ገንዘብ ሊያፈስበት የነበረው ቦታ ለካ ለነጋዴው ያዋጣ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ክፍያው በአንድ ቀን ርክክብ አይለቀቅ፤ አገልግሎቱ በሠራባቸው ወራት ልክ ለዓመታት ተከፋፍሎ ይከፈል። ዋጋው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከገበያው ጋር ተያይቶ ይከለስ። ብቸኛ መብት ከተሰጠም አጭር ይሁን፤ ሽፋን ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው ቁጥር ካላደገ የሚሻር ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሉ ይታተም። የንግድ ምስጢር ነው የሚለውን መልስ በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቴክኒካዊ ምስጢር ካለ ይሸፈን፤ የሕዝብ ገንዘብ ስንት እንደሚወጣና ማን ምን ግዴታ እንደገባ ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም። የፔሩን የ23 ዶላር ዋጋ ዛሬ እኔ በሩቅ ሆኜ ልጠቅስላችሁ የቻልኩት የዚያ አገር ውል ለማንም ክፍት ስለሆነ ነው። ባይታተም ኖሮ የሚታወቀው መስመሩ ባዶ መሆኑ እንጂ ለምን ባዶ እንደሆነ አይደለም ነበር።

በዚህ ረገድ ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አለኝ። ሚኒስትርና ሥራ አስኪያጅ እጅ ሲጨባበጡ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ስታወጡ፣ ከጎኑ ውሉ የት እንደሚገኝ አስነብቡን። ካልታተመም አልታተመም ብላችሁ ጻፉ። ጋዜጠኛችሁም ፊርማው ላይ ሲገኝ፣ ባትሪው ሲያረጅ የሚቀይረው ማን እንደሆነ የሚናገረው አንቀጽ ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ ይጠይቅልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ