«ቲቲሲ ስጪኝ» ለሚሉኝ ሁሉ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 11 ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት በማዘዣም ያለ ማዘዣም በጣም ከተጠየቅኳቸው መድኃኒቶች አንዱ ቴትራሳይክሊን ቅባት ነው፤ ሰው የሚያውቀው ቲቲሲ በሚለው ስሙ ነው። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ እሱ ነው።

የዛሬ ወር ገደማ አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። የልጁ ሁለቱም ዓይኖች ቀልተው አብጠዋል፣ ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቋል። «4 ቀን ሙሉ ቀባሁት፣ ጭራሽ ባሰበት» አለችኝና ከቦርሳዋ ቱቦውን አውጥታ ሰጠችኝ። አነበብኩት። ቴትራሳይክሊን 3 በመቶ፣ ለቆዳ ይላል። ጎረቤቷ እግሯ ላይ ለነበረ ቁስል ገዝታው የተረፈ ነበር። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የዓይን አይደለም» ስላት ግራ ገብቷት አየችኝና «ቲቲሲ አይደል እንዴ?» አለች።

ምን ልበላት? ቲቲሲ ነው። ስሙ አንድ ነው። ግን የዓይኑ 1 በመቶ ነው፣ የቆዳው 3 በመቶ። ልዩነቱ ደግሞ ቁጥሩ ላይ ብቻ አይደለም። የዓይን ቅባት ከማንኛውም ተህዋስ ንጹህ ሆኖ፣ ዓይንን በማይጎዳ ቅባት ውስጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚታሸገው። የቆዳው እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ቱቦው ላይ «ለዓይን» የሚል ጽሑፍ ከሌለ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ስሙ ቲቲሲ ስለሆነ ብቻ አይበቃም። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ የሚከብደው ሰው ወደ እኛ ያምጣው፣ እናነብለታለን። ነውር የለውም።

በዚያች እናት አልፈረድኩም። ጥፋቱ የእኛም ነው። ሰው መጥቶ «ቲቲሲ» ሲል ብዙዎቻችን ለማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው፣ ስንት ቀኑ ነው ሳንል ሳንቲም ቆጥረን ተቀብለን ቱቦውን እንሰጣለን፤ እኔም ሰልፍ ሲበዛብኝ እንዲህ ያደረግኩባቸው ቀናት ነበሩ፣ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ቅባቱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተቀባ ባክቴሪያ ያመጣውን የዓይን ማዝ ያድናል። አቀባቡን ግን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ። ቀጥሎ ዓይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹህ ጨርቅ መጥረግ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጨርቅ ቢሆን ደግ ነው። ከዚያ ወደ ላይ እያዩ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ዝቅ አድርጎ፣ በቆቡና በዓይኑ መካከል በሚከፈተው ቦታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን መስመር ማድረግ። የቱቦው አፍ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም ጣትንም መንካት የለበትም። ከነካ ቱቦው ራሱ ተበከለ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከውጭ በኩል ቆቡ ላይ እንደ ቫዝሊን ይቀቡታል፣ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላሉ። ከተቀባ በኋላ ዓይንን አንድ ደቂቃ ያህል ጨፍኖ መቆየት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብዥ ይላል፣ ያለ ነገር ነው፤ ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ ግን ቀብታችሁ ወዲያው መሪ አትያዙ። ጠብታም የታዘዘለት ሰው ጠብታውን ያስቀድም፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ቅባቱን ያስከትል።

ልጅ እሺ ካላለ በጋቢ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ አስተኙት። ወይም እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብላችሁ ቀቡት። በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ከባለሙያው ሰምታችሁ እሱን ጨርሱ። በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ሲቀንስ ማቆም በጣም የተለመደ ነው፣ ያገረሸባቸውን ደግሞ በሳምንቱ እኔ ጋ አያቸዋለሁ።

አንድ ቱቦ የአንድ ሰው ነው። አባት፣ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ከአንድ ቱቦ ከተቀቡ በሽታውን ነው የተካፈሉት። ፎጣም ኩልም እንደዚያው። ከተከፈተ 4 ሳምንት ያለፈው ቅባት ደግሞ፣ ግማሹ ቢተርፍም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ገና ቢሆንም ይጣላል። ያ ቀን የሚሠራው ላልተከፈተ ቱቦ ነው። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ከአምና ጀምሮ የተቀመጠ ቱቦ ስንት እንዳለ ቤት ይቁጠረው።

ደግሞም የቀላ ዓይን ሁሉ የባክቴሪያ አይደለም። ከጉንፋን ጋር የሚመጣው፣ ውሃ ውሃ የሚያፈሰው፣ ቤተሰቡን በሁለት በሦስት ቀን የሚያዳርሰው ብዙ ጊዜ የቫይረስ ነው፤ ቅባቱ ምንም አያደርግለትም። ሁለቱንም ዓይን የሚያሳክከውና አቧራ ሲነሳ የሚብሰው አለርጂ ሊሆን ይችላል። የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን የሚቧጭራቸው እናቶች አሉ፣ በወረንጦ እየነቀሉ ቲቲሲ ይቀባሉ። ይሄ ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ የተወው ጉዳት ነው። ቅባት የታጠፈ ፀጉር አያቀናም፣ መፍትሔው ቀላል ቀዶ ጥገና ነው። ትራኮማን ካነሳሁ አይቀር፣ አገራችን በዓለም ከባዱን የትራኮማ ጫና የተሸከመች አገር ናት። ለንቁ ትራኮማ፣ ማለትም ኢንፌክሽኑ ገና ላለበት ዓይን፣ ቲቲሲ በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ነው የሚቀባው፤ ይህን ያህል ጊዜ የሚታገሥ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው በዘመቻ አንድ ጊዜ የሚዋጠው አዚትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የመጣው። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ግን ዛሬም በዘመቻው የሚሰጠው ቅባቱ ነው።

ስለ አራስ ልጅ ለብቻው ልበል። ሕፃን እንደተወለደ ጤና ጣቢያ ውስጥ ዓይኑን የሚቀቡት ከእናት በሚተላለፍ ኢንፌክሽን እንዳይታወር ነው። አያቶች «ምን ቀቡብን» ብለው ሲጠርጉት አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። የእናት ጡት ወተት ዓይን ውስጥ መጨመርም ይቅር። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ አብጦ መግል ካወጣ ደግሞ ከእኔ ቅባት ገዝታችሁ አትመለሱ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የጨብጥ ተህዋስ ከሆነ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ብሌኑን ሊበሳው ይችላል። ሕክምናው መርፌ ነው፣ እናትና አባትም አብረው መታከም አለባቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቲቲሲ አይደለም። «ያቺ ቅላቱን ቶሎ የምታጠፋዋ ጠብታ» እያሉ የሚጠይቁኝ፣ ዴክሳሜታዞን የተባለ እብጠትና ቅላት የሚያበርድ ስቴሮይድ ያለባት ናት። እውነት ነው፣ ቅላቱን ታጠፋለች። ግን ዓይኑ ውስጥ ያለው የሄርፒስ ቫይረስ ወይም ፈንገስ ከሆነ፣ ሰውየው ተሻለኝ ሲል በሽታው ብሌኑን እየበላው ነው። በውቂያ ጊዜ ገለባ ዓይኑን የመታው ገበሬ ይህችን ጠብታ ከጨመረ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ከተጠቀሙባት ደግሞ የዓይን ግፊት ትጨምራለች፣ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ ጉዳትና ሞራም ታመጣለች። ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሸጣትም። ብዙ ደንበኛ ተቆጥቶኝ ወጥቷል፣ ይቆጣ።

ብርቱ ሕመም ካለ፣ እይታ ከቀነሰ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ዓይኑ ከተመታ ወይም ሰውየው ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ ቅባት አይገዛም፣ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው። ቅባት ጀምሮ በሁለት በሦስት ቀን ለውጥ ያላየ ሰውም እንደዚያው።

አቶ አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎን ከከተማም ከገጠርም ሰው ያነበዋል። በጤና አምዳችሁ የሁለቱን ቱቦዎች ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ቀን ብታወጡልን ደስታዬ ነው። የሙያ ባልደረቦቼን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ቱቦውን ከመስጠታችን በፊት «ለማን ነው? ምን ሆኖ?» እንበል፣ የሚከፈትበትንም ቀን በእስክርቢቶ እንጻፍበት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ያንን ልጅ በዕለቱ ምንም ሳልሸጥ ዓይን ክሊኒክ ነበር የላክኋቸው። እዚያ ታይቶ፣ ትክክለኛው ታዝዞለት፣ ድኗል። ባለፈው ሳምንት በእግሩ እየሮጠ ገባ። እናትየው የመጣችው ለታናሽ እህቱ ነበር፣ ማዘዣ ይዛ። ቱቦውን ስሰጣት አልተቀበለችኝም። «መጀመሪያ አንብቢልኝ፣ የዓይን ነው?» አለችኝ። አነበብኩላት።

አክባሪዎ
ከደሴ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ