የሥነ ጥበብ ክበብ፦ ሐረግ ከብራና ወደ አጥር

ዘንድሮ ክበባችን አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን አላዘጋጀም። ሥራው ያለው ውጭ፣ በመንገድ በኩል ባለው አጥር ላይ ነው። ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ ያየዋል።

ሐሳቡ የመጣው ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ስንጎበኝ ነው። ልጆቹ የብራና መጻሕፍቱ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ያረፈው ገጹ አናት ላይ በተጠላለፈው ጌጥ፣ በሐረጉ ላይ ነው። “ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግራፊቲ ነው!” አለች አንዷ። አልተከራከርኳትም።

ሐረግ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመረጥነው ግን አንዴ በላይ፣ አንዴ በሥር እያለፈ የሚሄድ ነው። አንድ ቦታ ከተሳቱ እስከ ጫፉ ይበላሻል። የድሮ ጸሐፊዎች ብራናውን አስቀድመው በወስፌ ያሰምሩ ነበር። ሲሚንቶ በወስፌ አይሰመርም። ስለዚህ የግንበኛ ዘዴ ተዋስን፦ ሲባጎ በጠመኔ ዱቄት ይታሻል፣ ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይወጥሩታል፣ ሦስተኛው መሀሉን ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ጧ! ቀጥ ያለ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል። ለዚህች “ጧ” ብለው ክበቡን የተቀላቀሉ አሉ።

ቀለሙንም በጥንቱ መንገድ ሞክረነው ነበር፤ የድስት ጥላሸትና የተቆላ ገብስ ዘፍዝፈን። ብራና ላይ ለዘመናት የሚኖረው ቀለም አጥር ላይ በአንድ ዝናብ ታጠበ። ሽታውንማ አታንሱት። በፕላስቲክ ቀለም ቀጠልን። ቅር የሚለው ይኖራል፤ እኔን ግን አላለኝም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎችም ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ቀለም ሲያገኙ አልገፉትም።

ቅዱሳንን እንዳንሥል ገና ሲጀመር ተስማምተናል። አጥር ሥር ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ቤተሰቦቹ ከሐረር የሆኑ አንድ አባል ደግሞ በእጅ የተጻፉ የሐረር ቁርአኖችም የራሳቸው ጌጥ እንዳላቸው በፎቶ አሳየን። የግራው ግማሽ የተሠራው ከዚያ ነው። “መሽናት ክልክል ነው” የሚለው ጽሑፍ በሐረጉ ተሸፍኗል፤ እስካሁን የደፈረ የለም።

ከጥበቃ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል አልተጠናቀቀም። ልስኑ እርጥበት ስለያዘ ቀለሙ ተላጠ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲደርቅ እንመለስበታለን። ወላጆች፣ ቤት ስታስቀቡ የተረፈ ቀለም ካላችሁ ጣሳውን ለጥበቃ ስጡልን። ቀይና ቢጫ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ነጭ ሞልቶናል።