ለአባቴ፦ ስለ ምርምሩ ገንዘብና ስለ እህቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ውጤቱ ላልታወቀ ሥራ ማን ገንዘብ ይከፍላል?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሂሳብ ሲመረምር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ትልቅ የምርምር ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያ ውጤት ማየት ይፈልጋል። ያንን ውጤት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለዚህ ቋጠሮ አር 21 የሚሉት አነስተኛ ድጎማ አለ፤ ገና ላልተፈተነ ሐሳብ በሁለት ዓመት ቢበዛ 275,000 ዶላር። ብዙ ይመስላል፤ ደመወዝና ኬሚካል ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ኢንክሉድ የተባለው የዳውን ሲንድረም (እህቴ የተወለደችበት፣ ዘረ መል የሚሸከም አንድ ትርፍ ክሮሞዞም የሚያመጣው ሁኔታ) ፕሮግራም ይህን በር ለእኛም ከፈተ። የቡድናችን ማመልከቻ በግምገማ ላይ ነው። ከአመልካቾች ብዙዎቹ ስለሚወድቁ ለጎረቤት እንዳይናገሩብኝ።

በዚህ አገር ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ 25 ዓመት ነበር፤ ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል። ስለዚህ እርጅናቸው ለሳይንስም አዲስ ነገር ነው። በትርፉ 21ኛ ክሮሞዞም ላይ አሚሎይድ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያመነጨው ዘረ መል አለ፤ በ40 ዓመታቸው በአብዛኞቹ አንጎል ውስጥ የአልዛይመር፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ ምልክት የሆነው የዚህ ፕሮቲን ክምችት ይገኛል። ሆኖም አንዱ በ50 ዓመቱ ሲዘነጋ ሌላው ዓመታት ይቆያል። ለምን? እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። በሽታው እንዲህ የሚበረታባቸው ሰዎች ከአልዛይመር መድኃኒት ሙከራዎች ለዓመታት ውጭ መደረጋቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የእህቴ ነገር ግን ከማመልከቻው ይቀድማል። የግራ ጫማዎን ጠርጋ የቀኙን ረስታ ስትቀመጥ «ሰነፈች» አይበሏት። 40 ልትደፍን ነው ብለንም የመርሳት በሽታ ነው ብለን አንደምድም። እንደ እርሷ ባሉ ሰዎች የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ያደክማል፣ ያፈዛል፣ ያስረሳል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በእንክብልም ይታከማል። የጆሮና የዓይን ምርመራም ያስፈልጋታል። ሐኪሙ «እነዚህ ልጆች ሲያረጁ እንዲህ ናቸው» ብሎ ሊያሰናብትዎ ቢሞክር፣ ምርመራውን እስኪያዝ ድረስ ከወንበሩ አይነሡ።

ለወጪው የሚሆን በባንክ ልኬያለሁ። ማታ ስትተኛ የምታንኮራፋና ትንፋሿ የሚቆራረጥ እንደሆነም ያዳምጡልኝ፤ እሑድ ስደውል እጠይቅዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ