ለመርከበኛው ወዳጄ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። ስድቡን ስትመጣ ታወርድብኛለህ። አሁን ግን ጉዳይ አለኝ፣ ያውም የሽንት ቤት! መቼም የመርከብ መካኒክ ጓደኛ ያለው ሰው ሌላ ማንን ይጠይቃል?

ሐይቅ ላይ እንግዳ የምናመላልስባትን አሮጌ ጀልባ ታውቃታለህ። ያቺ በእጅ የምትፖመፕ ሽንት ቤቷ አሳበደችኝ። ማታ አድርቀናት እንሄዳለን፤ ጠዋት ሳህኗ በውሃ ጢም ብሎ ይጠብቀናል። ልጆቹ «ጂን ገብቶባታል» ይላሉ። እኔ ፈታታኋት።

ለካ ፖምፓው በአንድ ዘንግ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። እጀታውን ወደ ላይ ስትስበው ከታች ቆሻሻውን ከሳህኑ ይስባል፣ ከላይ ንጹሕ ውሃ ወደ ሳህኑ ይልካል። ወደ ታች ስትገፋው ቆሻሻውን ያስወጣል፣ ከውጭም አዲስ ውሃ ይስባል። መውጫው ላይ መሐሉ የተሰነጠቀ ጎማ አለ፤ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቶ ያሳልፍና ይገጥማል። የእኛው ደርቆ አልገጥም ብሏል። ሳህኑ ደግሞ ከሐይቁ ውሃ ልክ በታች ነው። ቱቦው ወደ ላይ ተቆልምሞ አናቱ ላይ አየር ማስገቢያ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ የለውም። ታዲያ ውሃው ለምን አይመለስ? ለጊዜው ማታ ማታ የቱቦውን መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን፣ እየዘጋሁ ነው።

የፒስተኑ ጎማ አልቋል፣ ሲሊንደሩም ውስጡ ተፋፍቋል። ጎማ ብቻ ብቀይር ዘላቂ አይሆንም፤ ፖምፓውን እንዳለ መቀየር ይሻላል። ሳህኑ ግን ደህና ነው፣ አልጥለውም።

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» ትለኛለህ። መውጫው ነዋ! አንተ ውቅያኖስ ለምደሃል። ሐይቃችን ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ውሃ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የጣልንበት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ዳር ዳሩን ሰው ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል። ስለዚህ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ታንከር ልግጠምና የብስ ላይ እናራግፍ አልኩ። ማኅበርተኞቼ «ቦታ ይይዛል» ብለው ተነሱብኝ። አንዱማ «ነቅለን እንጣላትና በባልዲ እንገላገል» አለ። ወንዶቹ እስጢፋኖስ ገዳም ሲገቡ ጀልባዋ ላይ የሚጠብቁት ሴቶቹ ናቸው። እናቱን በባልዲ ያስተናግዳት እስቲ!

እና... እንዴት ልበልህ። ወደብ ስትደርስ ፖምፓ ብታይልኝ? ብሩን፣ ያው፣ አሁን የለኝም፤ ከበዓል በኋላ አላጣም። ካስቸገረህ ተወው። ታንከሩስ ለአንድ ቀን ጉዞ ስንት ሊትር ይበቃል ትላለህ? የአየር ቱቦውንስ በየት ላውጣው? ሽታው እንግዳ ላይ እንዳይመጣብኝ ነው የምፈራው።

የደሴዋን ልጅ ነገር ደግሞ... እሱን በአካል። ብቻ አብሽር፣ ሳላማክርህ ሽማግሌ አልክም።

መግቢያው ቱቦ 19 ሚሊ ሜትር ነው፣ መውጫው 38። ሌላ ልክ ይዘህ እንዳትመጣ፤ የቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታም አትርሳ።